አንድም ሰው ያላስማረከው ቃኘው ሻለቃ

ዛሬ በታሪክ አምዳችን ስለ ቃኘው ሻለቃ እነግራችኋለሁ። ርዕሱን የመረጥኩት ክፍል ውስጥ በተነሳ ጥያቄ ነው። አንድ ልጅ "ኮሪያ ምን አላቸውና ነው ሄደው የሞቱት?" አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ መልሱን ግን ማናችንም አላወቅነውም። ስለዚህ አነበብኩ።

መጀመሪያ ቃሉን እንይ። ሻለቃ የማዕረግ ስም ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ የጦሩም ስም ነው። "የሺህ አለቃ" ከሚለው የመጣ ነው። በእግረኛ ጦር ጥቂት ወታደሮች ጓድ ይባላሉ፤ ጓዶች አንድ ላይ መቶ፣ መቶዎች ሻምበል፣ ሻምበሎች ደግሞ ሻለቃ ይሆናሉ። በኛ ብናስበው ጓድ እንደ ጥናት ቡድን፣ መቶ እንደ አንድ ክፍል፣ ሻለቃ እንደ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ነው። መቶ ይባል እንጂ መቶ ሰው አይሞላም።

ቃኘው የሚለውስ? የአፄ ኃይለ ሥላሴ አባት ራስ መኰንን የፈረስ ስማቸው "አባ ቃኘው" ነበር። ራስ መኰንን ደግሞ በእናታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ናቸው። ሣህለ ሥላሴ የነገሡት እዚሁ አንኮበር ነው! ስለዚህ ስሙ ለኛ ሩቅ አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ፋሺስት ጣልያን አገራችንን ሲወር ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ሄደው ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ማኅበሩ ግን አላዳነንም። ከ14 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ሰሜን ኮሪያ ደቡብ ኮሪያን ወረረች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባሎቹን እርዱ ሲል ኢትዮጵያ እሺ አለች። አንድ አገር ሲወረር ሌላው ዝም ካለ ነገ ተራው የራሱ ነው ማለት ነው። ይሄን ደግሞ እኛ በራሳችን አይተነዋል። ከአፍሪካ እግረኛ ጦር የላከችው ኢትዮጵያ ብቻ ነች።

ወታደሮቹ የተመረጡት ከክቡር ዘበኛ ነው። የዘመቻው ጦር አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ፣ የመጀመሪያው ሻለቃ አዛዥ ደግሞ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ ሄደው በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደረሱ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመደቡ። አዲስ መሣሪያ መማር ነበረባቸው። ክረምቱም በረዶ ነው። የአንኮበር ውርጭ ጠዋት ጣታችንን ያደነዝዘን የለ? የኮሪያው ከዚህ በጣም ይብሳል፤ እነሱ ደግሞ ምሽግ ውስጥ ነበር የሚያድሩት።

ጦርነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. እስኪቆም ድረስ ሦስት ሻለቆች በየተራ ዘመቱ፤ ሁሉም ቃኘው ተባሉ። በኋላም ሰላም ለማስከበር ሌሎች ሄደዋል። ባጠቃላይ ከ6,000 በላይ ናቸው። በማራቶን ያሸነፈው ማሞ ወልዴም ኮሪያ ሄዶ ነበር። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ።

የተማረከ ግን አንድም የለም። እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው። ውጊያው ብዙ ጊዜ ተራራ ላይ፣ በሌሊት ቅኝት ነበር። በጨለማ ሰው ሲወድቅ ጥሎ መሮጥ ይቀላል። እነሱ ግን ቁስለኛውን ተሸክመው፣ የሞተውንም ይዘው ይመለሱ ነበር። ጦርነቱ ቆሞ ሁለቱ ወገኖች ምርኮኛ ሲለዋወጡ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። የሞቱትም አስከሬናቸው አገሩ ገብቶ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል።

ሌላም አለ። በ1945 ዓ.ም. ወላጅ ለሌላቸው የኮሪያ ልጆች ቦህዋ የሚባል ማሳደጊያ አቋቋሙ። ከደሞዛቸው እያዋጡ ልጆቹን ያበሉ ነበር። ያኔ አገራቸውም ሀብታም አልነበረችም።

በደርግ ጊዜ መንግሥት የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ስለነበር ስለ ቃኘው ብዙ አይወራም ነበር። ዛሬ በኮሪያ ቹንቾን ከተማ፣ በአዲስ አበባም አፍንጮ በር መታሰቢያ ሐውልት አላቸው።

እንግዲህ ለክፍል ጓደኛዬ መልሴ ይሄ ነው፦ ኮሪያ ዘመድ አልነበራቸውም፤ ግን ብቻውን የተተወ ሰው ምን እንደሚሰማው ያውቁ ነበር። እኛስ ጓደኛችን ሲወድቅ ጥለነው ነው የምንሮጠው?

ከዘማቾቹ ብዙዎቹ አርፈዋል። ስለዚህ ዛሬ ማታ አያቶቻችሁን ጠይቁልኝ፤ ከአካባቢያችን ኮሪያ የዘመተ ካለ ታሪኩን ጽፋችሁ ለክበባችን አምጡ። በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ጥያቄዎች
1. ሻለቃ ከሚለው የሚያንሱት የጦር ክፍሎች እነማን ናቸው?
2. "አባ ቃኘው" የማን የፈረስ ስም ነው?
3. ቦህዋ ምን ነበር?

ቸር እንሰንብት!