የፈረስ አንጀት በተዘጋ ጊዜ ሊደረግ ስለሚገባው ነገር

በዓባይና በበሽሎ ሸለቆዎች መካከል ባለው በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፥ ይኸውም በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ፥ በሳይንትና በለጋምቦ፥ ፈረስና በቅሎ ለባለቤታቸው እንደ እግሩ ናቸው። መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ በሽተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ፥ እህሉንም ወደ ገበያ የሚያደርሱ እነርሱ ናቸውና። ስለዚህ አንድ ፈረስ በሆድ ቁርጠት ተይዞ በአንድ ሌሊት ሲሞት የሚጐዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ቤተ ሰቡና ጎረቤቱም ጭምር ነው። ይህን ጉዳት ለመቀነስ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት ሁሉ የነገሩን ጠባይ ማወቅ ይገባቸዋል።

የፈረስ ሆድ እንደ በሬ ሆድ አይደለም። በሬ የበላውን መልሶ ያመነዥካል፤ ፈረስ ግን አንድ ጊዜ የዋጠውን ወደ አፉ ሊመልስ አይችልም፤ ማስታወክም አልተሰጠውም። ጨጓራው ከ8 እስከ 15 ሊትር ብቻ የሚይዝ ትንሽ ሲሆን፥ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው አንጀት ግን ርዝመቱ 30 ሜትር ያህል ነው። ትልቁ አንጀት ሰፊ ሆኖ ከመጣ በኋላ በዳሌው አጠገብ ታጥፎ ይጠባል፤ ደረቅ ገለባ ተጠቅጥቆ መንገዱን የሚዘጋው አዘውትሮ በዚህ እጥፋት ላይ ነው። መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ነፋሱ ከኋላ እየተከማቸ አንጀቱን ይለጥጠዋል፥ እንስሳውም ይጨነቃል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን አንጀቱ በራሱ ላይ የተጠመዘዘ እንደ ሆነ ነው፤ የደሙ መንገድ ስለሚቋረጥ አንጀቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሞታል።

የበሽታው ምክንያት ከወራቱ ጋራ ይለዋወጣል። እህል በሚወቃበት በኅዳርና በታኅሣሥ ፈረስ ወደ አውድማ ገብቶ ገብስ ወይም ስንዴ ያለ ልክ የበላ እንደ ሆነ እህሉ በሆዱ ውስጥ ቦክቶ ይነፋዋል። ከጥር ጀምሮ የበልግ ዝናብ እስኪጥል ድረስ ደግሞ ሣሩ ስለሚደርቅ መኖው ገለባ ብቻ ይሆናል፤ ምንጩም ይርቃል፥ የደጋው ውኃም በውርጭ ስለሚቀዘቅዝ ፈረሱ ጥቂት ብቻ ጠጥቶ ይመለሳል። ደረቅ መኖና ጥቂት ውኃ በተገናኙ ጊዜ አንጀት ይዘጋል። ጥርሱ ተስሎ አላላምጥ ያለው አሮጌ ፈረስና የሆድ ትል የበዛበት ፈረስ ደግሞ ለዚህ በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በከተማና በገበያ ስፍራ የሚጣለው የፌስታል ከረጢትና የማዳበሪያ ጆንያ ክር ሲዋጥ በአንጀት ውስጥ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ይቀራል፤ ይህም በማናቸውም መድኃኒት የሚሟሟ አይደለም።

ምልክቱ ይህ ነው። ፈረሱ መብሉን ይተዋል፤ በፊት እግሩ መሬት ይጭራል፤ አንገቱን አዙሮ ጐኑን ይመለከታል፤ ይተኛል፥ ይነሣል፥ ይንከባለላል፤ ላብ ያጠምቀዋል፥ ፋንድያውም ይቀራል። ከመንጋጋው በታች ባለው የደም ሥር ላይ ጣትን አኑሮ ትርታውን መቍጠር ይቻላል፤ ያረፈ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። ከ60 በላይ ያለፈ እንደ ሆነ፥ ድዱም የጠቈረ እንደ ሆነ ነገሩ ብርቱ ነው። በብርቱ ሲጨነቅ የነበረ ፈረስ በድንገት ዝም ቢልና ላቡ ቢቀዘቅዝ ዳነ ተብሎ አይታሰብ፤ አንጀቱ ፈንድቶ ሊሆን ይችላልና።

በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ከጭንቀቱ የተነሣ ፈረሱን ያስጋልበዋል፥ ሆዱን በእሳት ይተኵሰዋል፥ ወይም መድኃኒት በአፍንጫው ያንቆረቍርለታል። ሦስቱም ይጐዳሉ፤ ይልቁንም በአፍንጫ የፈሰሰው ወደ ሳንባ ገብቶ ይገድላል። የሚገባው ግን መኖውን ከፊቱ ማንሣት፥ ድንጋይ ከሌለበት ስፍራ ማቆም፥ ቢቻል ቀስ አድርጎ ማንሸራሸር፥ በሽታው የጀመረበትን ሰዓት አስታውሶ ወዲያው የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው። ሐኪሙ ሕመሙን የሚያስታግሥ መርፌ ይወጋል፤ ቱቦ በአፍንጫው አግብቶ እስከ ጨጓራው ያደርሳል፤ በመጀመሪያ በጨጓራው የተከማቸውን ያወጣል፥ ከዚያም የሚፈስስ ነገር ካላገኘ ውኃና የሚያለሰልስ ጨው ወይም ዘይት ይሰጣል። በጊዜ የተደረሰለት የገለባ መዘጋት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይፈታል።

በመድኃኒት የማይፈታው፥ አንጀቱም የተጠመዘዘው፥ ተስፋው በቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። ይህ ጥበብ በአውሮፓና በአሜሪካ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ተስፋፍቷል። ፈረሱ ፈጽሞ ተደንዝዞ በጀርባው ይተኛል፤ ሆዱ በመካከል ይከፈታል፤ የተጠመዘዘው ይቃናል፥ የተጠቀጠቀው አንጀት ተበጥቶ በውኃ ይታጠባል፥ የሞተው ተቈርጦ ጤነኛው ከጤነኛው ጋራ ይሰፋል። ከዚያም በኋላ ፈረሱ ለአንድ ወር ያህል በጋጣ ያርፋል፤ ወደ ሥራው ለመመለስም ወራት ይፈጅበታል። ለዚህ ሥራ ማደንዘዣና ኦክስጅን፥ ፈረሱን የሚያነሣ መሣሪያ፥ የተማሩ ብዙ እጆችም ያስፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 በቢሾፍቱ የተቋቋመው፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ክፍል የሆነው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ለአገራችን ብዙ ሐኪሞችን አስተምሯል፤ ሆኖም ይህን የመሰለ ሥራ በወረዳ ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ አይደለም። ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ ያለው መንገድም ከመቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ አንጀቱ የተጠመዘዘ ፈረስ ይህን መንገድ ተጭኖ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልፍበታል። እንዲህ ያለውን ፈረስ ሐኪሙ መርምሮ ተስፋ የለውም ካለ፥ እስኪሞት ድረስ ከማሠቃየት ይልቅ ያለ ሥቃይ እንዲሞት ማድረግ ርኅራኄ ነው፤ ለባለቤቱም ምክንያቱን በትሕትና መግለጽ ይገባል።

እንግዲህ ቢላዋው ሩቅ በሆነበት አገር መድኃኒቱ ጥንቃቄ ነው። የሹማምንት ድርሻ ይህ ነው፤ አንደኛ፥ በበጋ ወራት ለሥራ እንስሳት የውኃ መጠጫ በገበያና በመንገድ ዳር እንዲዘጋጅ ማድረግ፤ የሚሠራ ፈረስ በቀን ከ20 ሊትር ያላነሰ ውኃ ያስፈልገዋልና። ሁለተኛ፥ የአውድማው እህል እንዲታጠርና የመኖው ለውጥ ቀስ በቀስ እንዲሆን ገበሬውን መምከር። ሦስተኛ፥ የገበያው ፌስታልና ክር በየሳምንቱ ተሰብስቦ እንዲወገድ ማዘዝ። አራተኛ፥ የፈረስ ጥርስ በዓመት አንድ ጊዜ በሐኪም እንዲታይ፥ የትል መድኃኒትም በወቅቱ እንዲሰጥ ማድረግ። አምስተኛ፥ የእንስሳት ሐኪሙ ስልክ በየቀበሌው እንዲታወቅ ማድረግ፤ ባለቤቱ በማታ ጠርቶ በሌሊት የተደረሰለት ፈረስ ይድናልና፥ እስኪነጋ የተተወው ግን ብዙ ጊዜ ከሐኪሙ በፊት ሞት ይደርስበታል።