አዲስ ካሜራ ወይስ ያገለገለ?

አዘጋጅ፦ ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

ዛሬ የማቀርብላችሁ ክበባችን ካሜራ ሲገዛ የተማርነውን ትምህርት ነው።

እንደምታውቁት በወላጆች ቀን ሻይና ቆሎ ሸጠን 7,000 ብር አጠራቅመናል። ከሁሉም በላይ የለፉት የ8ኛ ክፍል አባላት ናቸው። እነሱ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈትነው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሳይሄዱ ፎቷቸው መጽሔታችን ላይ ይለጠፍ ተባለ። አምና በስልክ ያነሳነው ፎቶ ጨልሞ የማን ፊት እንደሆነ እንኳን አይለይም ነበር። ብሩ ደግሞ አንዴ ከወጣ አይመለስም።

ሁለት ምርጫ ነበረን። አንደኛው ሐዋሳ ሱቅ ያለ አዲስ ካሜራ ነው። ዋጋው 6,800 ብር ሲሆን ካርቶኑ ላይ «48 ሜጋፒክስል» ይላል። ሁለተኛው አንድ ፎቶ አንሺ የሚሸጠው ያገለገለ ካሜራ ነው። 12 ሜጋፒክስል ነው፣ ዋጋው 5,000 ብር። እኔ «48 ከ12 ይበልጣል፣ ምን ያከራክራል?» አልኩ። ተሳስቼ ነበር።

ፎቶ የሚሠራው ከትንንሽ ነጥቦች ነው። አንድ ሜጋፒክስል ማለት አንድ ሚሊዮን ነጥብ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ስቲቨን ሳሰን የተባለ የኮዳክ መሐንዲስ የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 10,000 ነጥብ ብቻ ነበረው። እኛ የምንለጥፈው ፎቶ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ነው። ለእሱ በደንብ ታትሞ እንዲወጣ 1,200 × 1,800 ነጥብ ይበቃል። አባዙት፣ 2,160,000 ይመጣል። 2 ሜጋፒክስል ገደማ ማለት ነው! ስለዚህ 12ም ተርፎን ነበር።

ከቁጥሩ ይልቅ ብርሃን የሚቀበለው የውስጥ ክፍል ስፋት ይበልጣል። ዝናብ ሲዘንብ ሳፋ ከኩባያ የበለጠ ውሃ ይይዛል አይደል? ይሄም እንደዚያው ነው። ሰፊ ከሆነ ጉም በሆነ ቀን ክፍል ውስጥም ጥሩ ያነሳል። አንዳንድ ርካሽ ካሜራዎች ግን ያላዩትን ነጥብ በግምት እየሞሉ ቁጥሩን ብቻ ያሳድጉታል።

አዲስ ዕቃ ዋስትና አለው፣ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን በተበላሸ ቁጥር ከቦሬ ሐዋሳ መመላለስ ካለብን ትራንስፖርቱም ዋጋ ነው።

ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትግዙ። እኛ እንዲህ አየነው፦

1. በሌንሱ ውስጥ የእጅ ባትሪ አብርቶ ማየት። የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት።

2. ነጭ ወረቀት ማንሳት። በየፎቶው አንድ ቦታ ላይ ነጠብጣብ ከታየ ውስጡ ቆሽሿል።

3. ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ ድምፁን ማዳመጥ። ሰውየው ነገሌ ቦረና ሰርግ ሲያነሳበት ስለነበር የቆላው አቧራ ገብቶበት ይሆናል ብለን ፈርተን ነበር። ድምፁ ግን ደህና ነው።

4. የካሜራውን ባትሪ ማየት። ያበጠ ባትሪ አደገኛ ነው። የኛው አላበጠም፣ ግን ቶሎ ያልቃል።

5. ደረሰኝ መጠየቅ፣ ከሌለ በምስክር ፊት ተፈራርሞ መግዛት። የተሰረቀ ዕቃ ጣጣ ያመጣል።

የባትሪውን ነገር ስንነግረው ጋሼ ራሱ 400 ብር ቀነሰልን። መምህራችን ባሉበት ተፈራርመን በ4,600 ብር ገዛነው። በቀረው 2,400 ብር ሌላ ባትሪና ሚሞሪ ካርድ እንገዛለን። አዲሱን ገዝተን ቢሆን 200 ብር ብቻ ነበር የሚቀረን።

አሁን የቀረው መጠበቅ ነው። ቦሬ ደጋ ነው፣ ሻጋታ ደግሞ እርጥበት ይወዳል። ስለዚህ ካሜራውን በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠነዋል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘው «አትብሉት» የሚል የተጻፈባት ትንሽ ከረጢት እርጥበት ትመጣለች። ቤታችሁ ካለች እንዳትጥሏት፣ ለክበባችን አምጡልን።

የ8ኛ ክፍል እህትና ወንድሞቻችንን ፎቶ በመጨረሻው ገጽ ታገኙታላችሁ። ዘንድሮ የሁሉም ፊት ይለያል።