ሰው ለምን ይኳኳላል?



ይህ ጽሑፍ የተጀመረው በአንድ ቃል ምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የመዝሙር ጥናት ሊጀመር ሲል አንዲት እኅታችን ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ፣ ዓይኗን ተኩላ ገባች። ከመካከላችን አንዱ ሁሉም እየሰማ «ኤልዛቤል መጣች» አለ። ጥቂቶቻችን ሣቅን፤ የቀረነው ዝም አልን። እኅታችን ያን ዕለት እስከ መጨረሻው ተቀምጣ ዘመረች። በሚቀጥለው እሑድ ግን አልመጣችም፤ ከዚያም ወዲያ ለብዙ ወራት አላየናትም። እኛም በዩኒቨርሲቲ የምንማር አራት አባላት ነገሩ ስለ ከበደን «ለመሆኑ ሰው ለምን ይኳኳላል?» ብለን ልናጠናው ተነሣን። መጻሕፍት አገላበጥን፤ በቀበና የሚኖሩ እናቶችን ጠየቅን፤ በመጨረሻም እኅታችንን ራሷን ሄደን አነጋገርናት። ይህን በመጀመሪያ ማድረግ ይገባን ነበር።

ብዙዎቻችን መኳኳል በፊልምና በመጽሔት ከፈረንጅ አገር የገባ ነገር ይመስለናል። ነገር ግን ቃሉ ራሱ ይመሰክርብናል። መኳኳል የሚለው ቃል የወጣው ከኩል ነው። ኩል ደግሞ ከእኛም ከፈረንጆችም ዘመን በፊት በጥንታዊት ግብፅ ወንዱም ሴቱም የሚኳለው ነበር። ግብፃውያን ኩልን ለውበት ብቻ ሳይሆን ለዓይን ሕመም መከላከያ ይጠቀሙበት እንደ ነበር ጽሑፎቻቸው ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. የፈረንሣይ ኬሚስቶች ከዚያ ዘመን የተረፈውን ኩል መርምረው፣ በውስጡ የሚገኙት የእርሳስ ውሕዶች በጥቂት መጠን ሲሆኑ የሰውነት ሕዋሳት ተሐዋስያንን ለመዋጋት የሚያመነጩትን ንጥረ ነገር ሊጨምሩ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ይህን ስንል ግን እርሳስ መርዝ መሆኑን ማንም አይርሳ! በተለይ ሕፃናትን ኩል መኳል አእምሯቸውን የሚጎዳ እንደ ሆነ ዛሬ በሚገባ ይታወቃል።

በአገራችንም ብንመለከት ኩል፣ እንሶስላ፣ ንቅሳት፣ ለጋ ቅቤ፣ ሹሩባ የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። እንሶስላ ሥሩ ተወቅጦ የሙሽራን እጅና እግር ያቀላል። ድድን መነቀስ ጥርስን አንጽቶ ያሳያል ይባላል፤ ለድድም ጤና ይበጃል የሚሉ አሉ። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች ጸጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ለውሰው ይሠሩታል። የአፋር ጎልማሳ ጸጉሩን ቅቤ ይቀባል። በቀድሞው ዘመን አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው በጆሮው ጉትቻ ያደርግ ነበር፤ ጀብዱውን ሳይናገር ጆሮው ይናገርለት ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በባህላችን ጌጥ ቋንቋ ነበር። ልጃገረድ ጋሜ ስትሆን መሐል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው ይቀራል፤ ስታገባ ጸጉሯ ያድጋል። ሐዘን ሲደርስባት ደግሞ ጸጉሯን ትላጫለች፤ ቅቤውም ኩሉም ይቀራል። አንዲት ሴት አፏን ሳትከፍት ያገባች ትሁን ያላገባች፣ ደስታ ላይ ትሁን ሐዘን ላይ፣ መንደሩ ሁሉ ያነብ ነበር። ዛሬ በከተማ ይህ ንባብ ጠፍቷል። የከንፈር ቀለም የተቀባች ልጅ ምን ልትል እንደ ፈለገች ስለማናውቅ፣ እኛው የራሳችንን ትርጉም እንሰጣታለን። ኤልዛቤል የሚለውም የመጣው ከዚያ ይመስለናል።

ከቀበና ወንዝ ማዶ የሚኖሩ አንዲት እናት በወጣትነታቸው ከእንጦጦ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው እየወረዱ ይሸጡ ነበር። ያ ሸክም ጀርባን እስከ መሬት የሚያጎብጥ መሆኑን አስቡት። «እማማ፣ በዚያ ድካም መካከል ይኳሉ ነበር ወይ?» ብለን ብንጠይቃቸው ሣቁብንና «ልጆቼ፣ ሰኞ እንጨት ተሸካሚ ነበርሁ። ለማርያም ቀን ግን ገላዬን ታጥቤ፣ ራሴን ተቀብቼ፣ ተኩዬ ስወጣ ማንም እንጨት ተሸካሚ አይለኝም» አሉን። ስለ ራስ ክብር በክፍል ውስጥ ብዙ ሰምተናል፤ እንዲህ ባጭሩ የነገረን ግን አልነበረም።

የሥነ ልቡናና የኅብረተሰብ ጥናት ሊቃውንትም ወደዚሁ የሚጠጋ ነገር ይናገራሉ። አሜሪካዊው ቻርልስ ኩሊ እ.ኤ.አ. በ1902 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ሰው ራሱን የሚያውቀው ሌሎች እንዴት እንደሚያዩት በመገመት ነው፤ ሌላው ሰው መስተዋታችን ነው የሚል አሳብ አቅርቧል። ሊዮን ፌስቲንገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. ሰው ራሱን የሚመዝንበት ቁርጥ ያለ መለኪያ ሲያጣ ከባልንጀራው ጋር እንደሚያስተያይ ጽፏል። ለውበት ሜትርና ኪሎ የለውም። ስለዚህ ወጣት ሁሉ ከጎረቤት፣ ከክፍል ጓደኛ ጋር ይተያያል። በዚህ ዘመን ደግሞ በስልክ መስኮት ከሚያየው ፊት ጋር ይተያያል፤ ያ ፊት በመብራትና በማሽን የተስተካከለ መሆኑን ግን ይረሳዋል።

ከጠየቅናቸው እኅቶች አንዲቱ በልጅነቷ እሳት ጉንጯን አቃጥሏት ጠባሳ ቀርቶባታል። በየቀኑ በዱቄትና በቅባት ትሸፍነዋለች። «ጠባሳዬን ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እርሱን ነው፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ስሜን እንዲጠይቁኝ እፈልጋለሁ» አለችን። እርሷን ቁንጅና ፈላጊ ናት ብሎ የሚፈርድ ማን ነው?

ይሁን እንጂ ሰው ሌላው እንደሚያየው የሚያስበው ከእውነቱ በላይ መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ አንዳንድ ተማሪዎችን የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ካናቴራ አልብሰው ሌሎች ተማሪዎች ወዳሉበት ክፍል አስገቧቸው። የለበሱት ግማሽ ያህሉ ሥዕሉን ያስተዋለ መስሏቸው ነበር፤ ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ለጠባሳዋ እኅታችን ይህን ስንነግራት «ሩቡስ ቢሆን ትንሽ ነው?» ብላ መለሰችልን። መልስ አልነበረንም።

ከውስጣዊው ምክንያት ሌላ ደግሞ እንጀራ አለ። ከላይ የተነሣችው እኅታችን የምትሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት በእንግዳ መቀበያ ነው። ተኳኩሎ መገኘት የሥራው ግዴታ ነው፤ ቀለሙን የምትገዛውም ከደመወዟ ነው። ያን እሑድ ከሥራ በቀጥታ የመጣችው መዝሙሩ እንዳያመልጣት ብላ ነበር። ቤት ገብታ ብትታጠብ ኖሮ ጥናቱ ያልቅ ነበር። በደመወዟ ሁለት ታናናሾቿን ታስተምራለች። ይህን ሁሉ የሰማነው እቤቷ ድረስ ሄደን ነው እንጂ ማናችንም በጊዜው አልጠየቅናትም።

አሠሪዎች ይህን የሚሹት በባዶው እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ ጥናት የ25 ሴቶች ፎቶግራፍ አንድ ጊዜ ሳይኳኳሉ፣ ሌላ ጊዜ በሦስት ዓይነት መጠን ተኳኩለው ለተመልካች ቀረበ። ተመልካቾች የተኳኳለውን ፊት ይበልጥ የሚስብ ብቻ ሳይሆን ይበልጥ ሥራ የሚችልም አድርገው ገመቱት። የጥናቱን ወጪ በመደገፍ በኩል የመዋቢያ ሸቀጥ የሚያመርት ኩባንያ እጅ ነበረበትና አንባቢ ይህንንም በልቡ ይያዝ። ውጤቱ እውነት ከሆነ ግን ይበልጥ የሚያሳዝነው ተመልካቹ ነው፤ ቀለም አይቶ ችሎታን የሚገምት ዓይን ምን ዓይነት ዓይን ነው?

አንድ ነገር ግን በቸልታ አናልፈውም፤ ይኸውም ቆዳን የሚያቀላ ቅባት ነው። ይህ ከኩልና ከእንሶስላ ጋር አንድ አይደለም። ኩል የተፈጠርሽበትን ዓይን ያጎላል፤ ማቅያ ግን የተፈጠርሽበትን መልክ ካልፋቅሁ ይላል። ጥቁረት ጉድለት ነው የሚል አሳብ መጀመሪያ ልብ ውስጥ ካልገባ ቅባቱ ገበያ አያገኝም። ከእነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪም በቆዳ ሰርጎ ኩላሊትን ይጎዳል። ሌሎቹ ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት የተቀላቀለባቸው ሲሆኑ፣ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳን ያሳሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. የተፈረመው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸውን የቆዳ ማቅያዎች ከገበያ እንዲወጡ ወስኗል። ነገር ግን ስም በሌለው ብልቃጥ የሚሸጠውን ማን ይመረምረዋል? ከእኅቶቻችን ይህን የምትቀባ ብትኖር ስድብ ሳይሆን ሐኪም ያስፈልጋታል።

ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ስንመጣ፣ ኤልዛቤል ኢዩ በመጣ ጊዜ መኳሏ በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 9 ተጽፏል። ኃጢአቷ ግን ኩሏ አልነበረም፤ የነቢያት ደምና የናቡቴ የወይን ቦታ ነበር። አስቴር ወደ ንጉሡ ከመግባቷ በፊት 12 ወር ሙሉ በቅባትና በሽቱ ተዘጋጅታለች። ዮዲት የመበለትነቷን ልብስ አውልቃ፣ ተቀብታና አጊጣ ሕዝቧን ለማዳን ወጥታለች። እንዲያውም ከመከራው በኋላ ለኢዮብ ከተወለዱለት ሴቶች ልጆች የሦስተኛይቱ ስም በዕብራይስጡ «የኩል ቀንድ» ማለት ነው፤ ይኸውም የኩል መያዣ ነው። ጌታችንም በተራራው ስብከት የሚጾም ሰው ራሱን እንዲቀባና ፊቱን እንዲታጠብ አስተምሯል። በሌላው ወገን ደግሞ ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 3 ጌጥ ከውጭ ሳይሆን ከልብ እንዲሆን መክሯል፤ ይህን ምክር ደብቀን ማለፍ አንችልም። የእስክንድርያው ቀሌምንጦስም በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም የተኳኳሉ ሴቶችን በወርቅ ካጌጡ የግብፅ ቤተ ጣዖቶች ጋር አመሳስሏቸዋል፤ መጋረጃው ሲገለጥ ውስጡ የሚገኘው ድመት ወይም አዞ ነው ይላል። ተግሣጹ ከባድ ነው።

ወንድሞቻችን ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸው ይሆናል። ነገር ግን ያው ቀሌምንጦስ በዚያው መጽሐፍ ጸጉራቸውን የሚነጩና ሽበታቸውን የሚያቀልሙ ወንዶችን አንድ ምዕራፍ ሙሉ ገሥጿቸዋል። እስቲ በእኛ ክፍል በኋለኛው ወንበር የሚቀመጡትን እንመልከት! ጎንና ጎኑን ተላጭቶ መሐሉን በቅባት ያቆመ፣ ገና በር ላይ ሳለ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ፣ በመኪና መስተዋት ሁሉ ፊት የሚቆም ወንድም የለንም ወይ? ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አንዱ በየሳምንቱ ለጸጉር አስተካካይ የሚከፍለውን ደምረን፣ እኅታችን በወር ለከንፈር ቀለም ከምታወጣው ይበልጥ ሆኖ አገኘነው። እርሱም ይህን እንድንጽፍ ፈቅዷል፤ ሳይወድ በግድ ቢሆንም።

ያን ቀን ቃሉን የተናገረው ወንድማችን ይቅርታ ለመጠየቅ ከእኛ ጋር እንሂድ ብሎ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰጥቶን ሁለቱንም ጊዜ ቀረ። በሦስተኛው ብቻውን እንደ ሄደ የሰማነው ከእኅታችን ነው። ምን እንደ ተባባሉ አልጠየቅናቸውም።

ጽሑፉ ከመባዛቱ በፊት ወስደን አነበብንላት። እስከ መጨረሻው ሰማችንና «የወንዶቹን ነገር አሳጥራችሁታል» አለችን። ከላይ የወንዶቹ አንቀጽ የረዘመው በዚያ ምክንያት ነው። ልንወጣ ስንል የመዝሙር ጥናቱ ሰዓት እንደ ድሮው እንደ ሆነ ጠየቀችን። በግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ እንደ ተገፋ ነገርናት።