የድሮ ቴምብር ሊገዙ አስበዋል? ከመክፈልዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ለሚኖር ሰው የድሮ ቴምብር ፍለጋ መሀል ከተማ ድረስ ያስወርዳል። ከሲኤምሲ በባቡር ለገሃር ይውረዱና የቸርችልን ዳገት ይያዙ። በመንገዱ ዳር የቱሪስት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፤ ወደ እነሱ ከመግባትዎ በፊት ግን በዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ያለውን የፖስታ ሙዚየም ይዩ። እውነተኛውን ደጋግሞ ያላየ ሰው ሐሰተኛውን በምን ይለያል?

ሻጭ ቀድሞ የሚያወጣልዎ የዳግማዊ ምኒልክን ቴምብር ነው። «ከ130 ዓመት በላይ ነው» ይልዎታል፤ እውነቱን ነው። የፖስታ አገልግሎት በ1886 ዓ.ም. ሲቋቋም ፓሪስ ታትመው የመጡት ቴምብሮች ሰባት ናቸው፤ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሦስቱ ላይ አንበሳ አለ። ዋጋቸው ከሩብ እስከ 16 ግርሽ ነበር። ይሁንና ዕድሜያቸው አያታልልዎ። የአውሮፓ ሰብሳቢዎች ያኔውኑ በብዛት ገዝተው ስላስቀመጧቸው፣ ማኅተም ያላረፈባቸው ዛሬም ውጭ አገር በርካሽ ይገኛሉ።

ብርቁ መንገድ የሄደ ደብዳቤ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የምኒልክ ቴምብር ከአገር ውጭ ስለማይሠራ፣ በጅቡቲ በኩል ወደ አውሮፓ በሚሄደው ደብዳቤ ላይ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን የተለጠፉበትን ፖስታ ካገኙ ረጋ ብለው ይመርምሩት። ማኅተሙ ከቴምብሩ አልፎ ወረቀቱን ነክቷል? ጀርባው ላይ የደረሰበት ከተማ ማኅተም አለ? ቀኖቹስ ይከታተላሉ? የተላከው ለቴምብር ነጋዴ ከሆነ ሆን ተብሎ ለሰብሳቢ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ ሐሰተኛ ባይባልም ዋጋው ያንሳል። ደግሞ እባክዎ፣ ቴምብሩን ከፖስታው ቆርጠው ወይም ውኃ ውስጥ ነክረው አያንሡ። ሲነጠሉ ሁለቱም ይከስራሉ።

በእነዚሁ የመጀመሪያ ቴምብሮች ላይ ኋላ «ቦስታ» የሚልና ሌላም ጽሑፍ በእጅ ማኅተም ተመትቶባቸዋል። የጎማ ማኅተም ማስቀረጽ ለማንም ቀላል ስለሆነ ሐሰተኛው ሞልቷል። የባለሙያ ማረጋገጫ ወረቀት ከሌለው፣ የእኔ ምክር አይግዙ ነው። በ1911 ዓ.ም. የወጡት የዱር አራዊት ሥዕል ያለባቸው ቴምብሮችም ኋላ እንደገና ታትመዋልና ካታሎግ ሳይዙ አይደራደሩ።

«የስንት ዓመት ነው?» ብለው ሲጠይቁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ይጠይቁ። አንድ ሻጭ «የ1928» ቢልዎ በፈረንጆቹ ከሆነ የንግሥት ዘውዲቱና የራስ ተፈሪ መልክ ያለባቸው ናቸው። በእኛ ከሆነ ግን አዲስ አበባ በሚያዝያ ወር ከተያዘች በኋላ ኢጣሊያ በንጉሧ በቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ መልክ ያወጣቻቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ፖስትካርድ ላይ ሥራው ይቀላል። በማጉያ መነጽር ሲያዩት ነጠብጣብ ከታየ በማተሚያ ቤት የታተመ ነው፤ ካልታየ እውነተኛ ፎቶግራፍ ሊሆን ይችላል። ጀርባው ለመልእክትና ለአድራሻ በመስመር ያልተከፈለ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ከ1900 ዓ.ም. በፊት የነበረ ነው። የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች የነበሩት አርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ስም ከታተመበት ቶሎ አይለፉት።

አስቀማመጡን በአጭሩ፦ ፕላስተር አይንካው፣ ርካሽ ፕላስቲክ ውስጥ አይግባ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሙጫው እርጥበት ስቦ ከአልበሙ ጋር እንዳይጣበቅ ደረቅ ቁም ሣጥን ይፈልጉለት።

ያረጀ ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ይዘው ከአገር ለመውጣት ካሰቡ፣ ወይም ውጭ አገር ላለ ገዢ ሊልኩ ከሆነ፣ አስቀድመው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ማውጣት ይከለክላል።

ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ተነሥታችሁ ወደ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ የገባችሁ ቤተሰቦች ደግሞ ለግዢ ከመቸኮላችሁ በፊት ከዕቃ ጋር የመጣውን የአባት የደብዳቤ ካርቶን ክፈቱት። በፖስታ ሣጥን ቁጥር የተላኩ የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ደብዳቤዎች ቢሸጡ ብዙ ላያወጡ ይችላሉ፤ ከነፖስታቸው አስቀምጧቸው፣ የጻፈው ማን እንደሆነም አዋቂ ሳለ ጠይቃችሁ በእርሳስ መዝግቡ።