ባሕር ዛፍ ሲሸጥ ጉቶው የእርስዎ ነው

ባሕር ዛፍ ለመሸጥ የሚደራደር አርሶ አደር ዓይኑ ግንዱ ላይ ነው፤ ስንቱ ለቋሚ ይሆናል፣ ስንቱ ለማገር፣ ነጋዴውስ ስንት ይጨምራል? ጉቶውን የሚያየው የለም። የሚቀጥሉት ዓመታት ገቢ ግን ያለው እዚያ ነው። በወጉ የተቆረጠ ጉቶ ያለ ችግኝና ያለ ጉድጓድ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ አስቀድሞ መሬት የያዘ ስለሆነ ቡቃያው አዲስ ከተተከለ ችግኝ ይልቅ ፈጥኖ ይመዘዛል።

ችግሩ የሚመጣው ዛፉ በቁሙ ሲሸጥ ነው። ቆራጩን የሚያመጣው ነጋዴው ነው። ቆራጩም ሥራውን ቶሎ ጨርሶ መሄድ ስለሚፈልግ ጎንበስ አይልም፤ በቆመበት በምሳር ይጥለዋል። እንዲህ የተቆረጠ ጉቶ በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንደኛ፣ ከፍ ብሎ የበቀለ ቡቃያ ሥር መሠረቱ ደካማ ነውና ሲከብድ ነፋስ ይገነጥለዋል። ሁለተኛ፣ ምሳር ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል፣ ይልጠዋል። አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው ከቅርፊቱ ሥር ከተደበቀ እንቡጥ ስለሆነ፣ የተላጠ ጉቶ ቢጠብቁት ቢጠብቁት አያቆጠቁጥም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመቀበልዎ በፊት ስለ አቆራረጡ ይስማሙ። ጉቶው ከመሬት ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር፣ የአንድ መዳፍ ወርድ ያህል ብቻ ይቅር። በመጋዝ ይቆረጥ። ፊቱ ውኃ እንዳያቁር በመጠኑ ዘመም ይበል። ይህ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ውሉ የቃል ከሆነም በምስክሮች ፊት ይነገር። በቆረጣው ዕለት ደግሞ ከቦታው አይጥፉ። ከምክሩ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን ነው የምለው፤ የተበላሸ ጉቶ በኋላ በምንም እንክብካቤ አይጠገንም።

ለመቁረጥ የሚሻለው ጊዜ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ ቡቃያው እርጥበት ያገኛል። በደጋ ውርጭ በሚበረታባቸው ቦታዎች በኅዳርና በታኅሣሥ የሚወጣ ለጋ ቡቃያ ይመታል። ቅርንጫፉንና ቅጠሉን ከጉቶው ላይ ያንሱ፣ እዚያው ላይም አያቃጥሉ።

ከአንድ ጉቶ አሥርና ከዚያ በላይ ቡቃያ ሊወጣ ይችላል። ሁሉንም መተው የሚያተርፍ ይመስላል፤ የሚገኘው ግን ጭራሮ ነው። ቁመታቸው ወደ ሰው ቁመት እጥፍ ሲጠጋ ከሁለት እስከ ሦስት ጠንካሮችን አስቀርተው የቀሩትን ያንሱ። ለቋሚ ከፈለጉ ኋላ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል፤ ለማገዶ ሦስት ቢሆን አይከፋም። ሲመርጡ ከጉቶው ዝቅ ብለው የበቀሉትን፣ በተለይም ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያሉትን ያስቀሩ፤ ነፋሱ ወደ ጉቶው ይገፋቸዋል እንጂ አይገነጥላቸውም።

የማሳ ድንበር ነገር ጎረቤት ያጣላልና ልብ ይበሉ። በጊንጪ ዋልካ አፈር ላይ በማሳ ድንበር የተተከለ ነጭ ባሕር ዛፍ ተጠንቶ፣ ከዛፉ መስመር እስከ 12 ሜትር ድረስ የጤፍ ምርት ከ20 እስከ 73 በመቶ፣ የስንዴ ደግሞ ከ20 እስከ 51 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ያው ጥናት ከእንጨቱ የሚገኘው ገቢ ይህን ኪሳራ እንደሚያካክስና ትርፍም እንደሚያስገኝ አሳይቷል። ትርፉ ግን የባለ ዛፉ ነው። ሥሩና ጥላው የጎረቤት ማሳ ውስጥ ከገባ ጤፉ የቀነሰበት ሌላ ሰው፣ እንጨቱን የሚሸጠው ሌላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ከወሰኑ ወደ ራስዎ ማሳ ገባ ብለው ይትከሉ፤ ቀድሞ የተተከለ ከሆነ በዛፉና በሰብሉ መካከል ቦይ ቆፍረው ወደ ማሳው የሚሄደውን ሥር ይቁረጡ፤ ሥሩ ተመልሶ ስለሚያድግ ቦዩን በየጊዜው ያድሱ። ምንጭ ዳር ግን ቦይም አያድንም፣ አይትከሉ።

በቆላና በወይና ደጋ የሚተከለውን ቀይ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣች ትንሽ ተርብ ታጠቃዋለች። ምልክቱ በቅጠሉ የመሐል ጅማትና በአገዳው ላይ የሚታይ እባጭ ነው። ችግኝ ሲገዙ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ፤ እባጭ ካለበት አይግዙ፣ ወደ መንደርም አያስገቡ።

ጉቶ ዘላለማዊ አይደለም። ከሦስት ወይም ከአራት ዙር በኋላ ጉልበቱ ይደክማል፣ የሚሞተውም ይበዛል። በዚያን ጊዜ በየክፍተቱ ችግኝ መሰካት ድካም ብቻ ነው፤ ያሉት ጉቶዎች ውኃውንም ብርሃኑንም ይቀሙታል። ቦታው በሙሉ ይነቀልና፣ ለቋሚ የሚሆን ግንድ ከፈለጉ በእንጨትና በእንጨት መካከል ሁለት ሁለት ሜትር ትተው እንደ አዲስ ይትከሉ።