ስለ ቆዳ መግፈፊያ ካራ

በአራዳ፥ በውቤ በረሃ በኩል ካራ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው የጫፉን ሹልነት ነው። ለመግፈፊያ ግን ሹል ጫፍ ቆዳ ይበሳል። በፈቃድ የታደነ ድኩላም ሆነ የታረደ በሬ ለመግፈፍ የሚሻለው፥ አፉ ጎበጥ ያለ፥ ጫፉ የዶለዶመ፥ ርዝመቱም ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካራ ነው። በግና ፍየል ከተሰነጠቁ በኋላ በጡጫ ስለሚገፈፉ ስለት እምብዛም አያሻቸውም።

ላኪውን ነጋዴ የሚጎዳው በሥጋው ወገን የሚቀረው ጭረት ነው፤ በጥሬው ተሰውሮ፥ ቆዳው ከተለፋ በኋላ ይገለጣልና። ለጓንት የሚፈለገው የደጋ በግ ቆዳችንማ ስስ ስለ ሆነ ጥቂት ጭረት ከደረጃው ያወርደዋል።

ቀጥቃጩ ካራውን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው፤ ይህም መልካም ብረት ነው። ነገር ግን አግሎ ውሃ ወይም ዘይት ካጠጣው በኋላ እንደገና በለዘብተኛ እሳት ካላሞቀው ስለቱ ይሸረፋል። ባለሱቁ ሲያዝ ይህን ሁለተኛውን እሳት ለይቶ ይጠይቅ፤ ለድካሙም ዋጋ ይጨምር። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. ዐውጀው ነበር፤ ስድቡ ቢቀር እንኳ ዋጋ ማርከሱ አልቀረም። ካራው ሲደርሰውም ስለቱን በደረቅ አጥንት ላይ ጫን አድርጎ ይሞክር፤ የተሸረፈውን ይመልስ።