እንቁላል ሲበስል የኑክሊየስ ሽፋን ስለ ምን ይፈርሳል?

ኑክሊየስ የሴል መዝገብ ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ባሕርይ የሰፈረባቸው ክሮሞሶሞች የሚቀመጡት በእርሱ ውስጥ ነው፤ ዙሪያውንም ድርብ የሆነ ስስ ሽፋን ይጠብቀዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ላስረዳ የፈለግሁት፣ እንቁላል በሚበስልበት ጊዜ ይህ ጠባቂ ሽፋን እንዴትና ስለ ምን እንደሚፈርስ ነው። የዶሮ እንቁላልን ቢጫ ክፍል አስኳል ስለምንለው፣ እንዳይምታታ ኑክሊየስ የሚለውን ቃል መርጫለሁ።

ሴት ልጅ ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች እንቁላሎቿ መከፈል ጀምረው መካከል ላይ ያቆማሉ። አንዱ ዐሥራ አምስት፣ ሌላው አርባ ዓመት በዚሁ ሁኔታ ሊቆይ ይችላል። በመጨረሻ የሆርሞን ትእዛዝ ሲደርስ ሽፋኑ ይፈርስና ክሮሞሶሞቹ ለመከፈል ነፃ ይሆናሉ።

ማሱዪና ማርከርት የተባሉ ሊቃውንት ይህን በእንቁራሪት መርምረው ውጤቱን በ1971 እ. ኤ. አ. ገለጹ። በመብሰል ላይ ካለ እንቁላል ጥቂት ፈሳሽ ቀድተው ወዳልበሰለው ሲያስገቡ፣ ያም በሰለ። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ዋና ሠራተኛ፣ በኋላ እንደ ታወቀው፣ ሽፋኑን ደግፈው በያዙት ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የሚለጥፍ ኤንዛይም ነው። ፎስፌት ሲለጠፍባቸው ፕሮቲኖቹ መያያዛቸውን ይተዋሉ።

አፈራረሱ ግን በዘፈቀደ አይደለም። በባሕር ኮከብ እንቁላል እንደ ታየው፣ በመጀመሪያ የሽፋኑ ቀዳዳዎች ይላላሉ፤ ቀጥሎ አክቲን የተባለ ፕሮቲን ከሽፋኑ ሥር ተሰብስቦ ይቀዳድደዋል። የኑክሊየሱ ስፋት 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህ ለእኛ ኢምንት ቢሆንም፣ ክሮሞሶሞችን የሚጎትቱት ክሮች ከዳር እስከ ዳር አይደርሱበትም። ስለዚህ አክቲን እንደ ዓሣ መረብ ሆኖ የተበተኑትን ክሮሞሶሞች ወደ ክሮቹ ያቀርባል። በምርምር መረቡ እንዳይሠራ ሲደረግ፣ በሩቅ ያሉት ክሮሞሶሞች ሳይሰበሰቡ ይቀራሉ።

የአንድ ክሮሞሶም መጉደል ወይም መትረፍ ቀላል ነገር አይደለም። በሰው ዘንድ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚጨነግፉት ጽንሶች ግማሽ ያህሉ የክሮሞሶም ቁጥራቸው የተዛባ ነው። ስሕተቱ ሽፋኑ ከፈረሰ በኋላ በሚከተለው አከፋፈል ላይም ሊደርስ ይችላል። ታዲያ ጽንስ የወረደባትን እናት «ከባድ ዕቃ አንሥታ ነው»፣ «ሳትጠነቀቅ ቀርታ ነው» እያሉ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ውድ አንባቢዎች፤ ትምህርት የሚጠቅመን ለፈተና ብቻ እንዳይሆን፣ የተማርነውን በየቤታችን እንናገር። አንዲትን እናት ከማይገባ ወቀሳ ካዳንን፣ የባዮሎጂ ትምህርታችን ፍሬ አፈራ ማለት ነው።